«ጥሬውን ሥር በማር» ላሉት ጸሐፊ

አክስቴ እቴቴ ባለፈው ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ግማሽ ኪሎ የሚሆን የደረቀ ሥር ይዛ መጣች። እንደ ቋንጣ ተቆራርጦ በላስቲክ ታሽጓል። ከክብደቱ ቁጥር በቀር ላስቲኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው። «ሽበት ያጠቁራል፤ ላንተም ጭምር ነው ያመጣሁት» አለችኝ። ማን ነገረሽ ስላት ስልኳን አውጥታ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አስነበበችኝ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። 38 ዓመቴ ነው፤ የጸጉሬ ግማሽ ነጭ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ያነበብኩት ስህተት ላድንበት ብዬ አይደለም። እውነት ቢሆን ቀድሜ እልል የምለው እኔው ነበርኩ።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ሄ ሾው ዉ የሚባል ሥር አለ። ቻይናውያን ለ5,000 ዓመት ተጠቅመውበታል። ሽበትን ወደ ጥቁር ይመልሳል። ዕድሜ ያረዝማል፤ ለዚህም 256 ዓመት የኖረ ሰው ምስክር ነው። ጉበትን ያጸዳል። ከተፈጥሮ የመጣ ስለሆነ ጉዳት የለውም። የቻይና ባህላዊ ሕክምናማ ኖቤል ሳይቀር ተሸልሟል። አጠቃቀሙ ደግሞ ቀላል ነው፦ ጥሬውን ሥር አድርቆ መፍጨት፣ ከዚያ በየማለዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ በማር መዋጥ።

ቅሬታዬን ከወዲሁ ልናገር። ጸሐፊው የቻይናን ባህላዊ ሕክምና በጣም አመኑ ብዬ አይደለም የምከራከራቸው። በደንብ አላመኑትም ነው የምለው። ባህሉ ስለዚህ ሥር የሚለውን ትልቁን ነገር ጥለው ስሙንና ተረቱን ብቻ ይዘው መጡ። የተዉት ነገር ደግሞ ሰው ሆስፒታል የሚያስተኛው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሥሩ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ሄ ሾው ዉ ሐረግ ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። መሬት ውስጥ እንደ ስኳር ድንች ያበጠ ሥር ይሠራል። ወገኑ ከእኛው መቅመቆ ጋር አንድ ነው። አዎ፣ ቅቤ ሲነጠር ቀለም እንዲሰጥ የሚገባበት መቅመቆ። ሁለቱም ሥሮች ውስጥ ኢሞዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 5,000 ዓመቱ። ይህ ቁጥር የቻይና ዕቃ በተሸጠበት ሁሉ ይለጠፋል፤ ለዚህ ሥር ግን አይሠራም። ቻይናውያን ከሁሉ ቀዳሚ የሚሉት የመድኃኒት መጽሐፍ በአፈ ታሪኩ ንጉሥ በሸን ኖንግ ስም የሚጠራው ነው፤ የተጠናቀረው ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጂንሰንግ እዚያ አለ። ሄ ሾው ዉ የለም። ሥሩ በመንግሥት የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ የገባው በሶንግ ሥርወ መንግሥት፣ በ970ዎቹ ውስጥ ነው። አንድ ሺህ ዓመት ራሱ ትንሽ ዕድሜ አይደለም። ታዲያ ለምን አምስት ማድረግ አስፈለገ?

ተረቱ ግን ደስ ይላል። ጸሐፊው «ሄ የሚባል ሽማግሌ ሥሩን በላና ጸጉሩ ጠቆረ» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ በአንድ መስመር መጨረስ ነውር ስለሆነ እኔ ላውራው።

ታሪኩን የጻፈው ሊ አዎ የሚባል የታንግ ዘመን ምሁር ነው። በታሪኩ መሠረት ሄ የተባለው ሰውዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። 58 ዓመት ሞልቶት ሚስትም ልጅም የለውም። አንድ ማታ ጠጥቶ፣ ሰክሮ፣ ተራራ ላይ ሜዳ ላይ ተኛ። ሲነቃ ተራርቀው የበቀሉ ሁለት ሐረጎች ያያል። ሐረጎቹ ተጠጋግተው ይጠላለፋሉ። ቆይተው ይላቀቃሉ። መልሰው ይጠላለፋሉ። ሲነጋ ሥሩን ቆፍሮ ለሰው ቢያሳይ የሚያውቀው ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ግን «ይህ ምልክት ነው፤ ለምን አትበላውም?» አለው። በላ። በሳምንቱ ሴት አማረው። በወራት ጊዜ ጤናው ተመለሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ የብዙ ወንዶች ልጆች አባት ሆነ። ስሙንም ነንግሲ አሉት፤ «ዘር መተካት የቻለ» እንደማለት ነው። ልጁም በላ። የልጅ ልጁም በላ። ሾው ዉ የተባለው ይኸው የልጅ ልጅ ነው፤ 130 ዓመት ኖሮ ጸጉሩ እንደጠቆረ ነበር ይላል ተረቱ። «ሄ» የቤተሰቡ ስም ነው፣ «ሾው» ራስ፣ «ዉ» ደግሞ የቁራ ዓይነት ጥቁር።

ልብ በሉ፤ ታሪኩ የተጀመረው በሽበት አይደለም። ሲጀመር የመውለድ ታሪክ ነው። ጸጉሩ በኋላ የመጣ ጌጥ ነው። ሐረጉ ዛሬም ድረስ ቻይና ውስጥ «ሌሊት የሚጠላለፍ ሐረግ» በሚል ስም ይሸጣል። እሱንም የሚሰጡት እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ነው።

ሥሩን ዝነኛ ያደረገው ሌላው ሰው የሚንግ ዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ጂያጂንግ ነው፤ የነገሠው ከ1521 እስከ 1567 ነው። አንድ የታኦ መነኩሴ ሄ ሾው ዉ ዋናው ቅመም የሆነበትን ባለ ሰባት ዓይነት እንክብል አቀረበለት። ንጉሡ ልጆች ወለደ፤ የሥሩም ስም አገሩን አዳረሰ። ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢያገኙት ይወዱት ነበር። ችግሩ ንጉሡ የሞተው በ59 ዓመቱ መሆኑ ነው። ያለመሞትን ፍለጋ ከመነኮሳቱ እጅ ሌላም ብዙ ነገር ይውጥ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ሜርኩሪ ያለበት እንክብል ሳይገድለው አልቀረም ይላሉ።

ከንጉሡ ወደ 256 ዓመቱ ሰውዬ እንለፍ። ስሙ ሊ ቺንግ ዩን ነው። የሲቹዋን ሰው ነበር፤ ተራራ ለተራራ እየዞረ መድኃኒት የሚለቅም፣ በእኛ አባባል ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ። በ1927 ያንግ ሰን የሚባል የጦር አበጋዝ ቤቱ ጋብዞት ፎቶ አስነሳው። በ1933 ሲሞት ዜናው አሜሪካ ጋዜጦች ላይ ወጣ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ዕድሜው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይላላል። 256 የሚሉት በ1677 ተወለደ ብለው ነው። እሱ ራሱ ግን የተወለድኩት በ1736 ነው ብሏል ተብሎ ተጽፏል። ያ ደግሞ 197 ነው። በደጋፊዎቹና በራሱ በሊ መካከል ብቻ የ59 ዓመት ልዩነት አለ! የአንድ ሰው ሙሉ ጎልማሳነት በመሃል ጠፋ ማለት ነው። በሰነድ ተረጋግጦ ከሁሉ በላይ የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማ ናቸው። በ1997 ሲሞቱ 122 ዓመታቸው ነበር። እሳቸው የሚታወቁት ቸኮሌት በመውደድና ለረጅም ዘመን ሲጋራ በማጨስ ነው። ያንን ማስረጃ አድርገን «ሲጋራ ዕድሜ ይሰጣል» ብለን እንጻፍ?

ደግሞም ሊ ምስጢርህ ምንድን ነው ሲባል የሰጠው መልስ ተመዝግቧል። ልብህን አረጋጋ፣ እንደ ኤሊ ተቀመጥ፣ እንደ እርግብ ቀልጠፍ ብለህ ተራመድ፣ እንደ ውሻ ተኛ ነው ያለው። ሥር የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም።

የጽሑፉ ፎቶ ላይም አንድ ነገር ልበል። ቁጭ የሰው መልክ ያለው ሥር ነው፤ እጅ፣ እግር፣ ሆድ፣ ሳይቀር የወንድ ብልት አለው። «የሺህ ዓመቱ ሥር እንዲህ ሰው ይመስላል» ይላል ከፎቶው በታች። እንዲህ ያለው ነገር በቻይና የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ሌላ ተራ ሥር ይቀረጻል፤ ወይም ገና ሲያድግ የሰው ቅርጽ ባለው ሻጋታ ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ ለየዋህ ይሸጣል። እምነቱ ግን የቆየ ነው። ታላቁ የቻይና ደራሲ ሉ ሹን በ1926 በጻፈው የልጅነት ትዝታ ላይ፣ ሰው የሚመስለውን የሄ ሾው ዉ ሥር የበላ አይሞትም ሲባል ሰምቶ የግቢያቸውን ሐረግ እየነቀለ ይፈልግ እንደነበር ያስታውሳል። የጭቃውን አጥር አፈረሰ። ሰው የሚመስል ሥር ግን አንድም ቀን አላገኘም።

ወደ ሽበቱ እንምጣ። ጸጉር ጥቁር የሚሆነው ከሥሩ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት ስላሉት ነው። እነዚህን የሚተኩ እናት ሕዋሳት አሉ። እነሱ ሲያልቁ አዲስ የሚወጣው ጸጉር ነጭ ይሆናል። ያለቀውን የሚመልስ እንክብል እስካሁን የለም፤ ቢኖር ኖሮ እኔ በሠራተኛ ቅናሽ ገዝቼው ነበር። በአይጥና በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ የሄ ሾው ዉ ጭማቂ ቀለም ሲያበረታ ታይቷል። ይህን አልክድም። ነገር ግን አይጥ ላይ የሠራ ስንት ነገር ሰው ላይ ሲደርስ እንደከሸፈ በእኛ ሙያ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። «በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚለው የጸሐፊው ቃል ከአይጡ ዘሎ ሰው ላይ አረፈ።

አንድ እውነት ግን አለ። ያለ ዕድሜው የሸበተ ሰው አንዳንዴ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ይኖርበታል። ያ ሲታከም ጸጉሩ የሚመለስለት አለ። የደም ምርመራ ከግማሽ ኪሎ ሥር ይረክሳል። (የእኔ ተመርምሯል። ምንም የለብኝም። አባቴም በ35 ነው የሸበተው።)

አሁን የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ወደሆነው ነገር ደረስኩ። ጸሐፊው «ጉበትን ያጸዳል» ብለዋል። ከስህተቶቻቸው ሁሉ ይኼኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ሄ ሾው ዉ ከማንም በላይ የሚከሰሰው ጉበት በመጉዳት ነውና።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የቻይና መጻሕፍት ሥሩ «ጋንን እና ሸንን ይጠግናል» ይላሉ። ጋን ሲተረጎም ጉበት ነው፣ ሸን ደግሞ ኩላሊት። በባህላዊው ሕክምና ውስጥ ግን ጋን ማለት ሥጋ ቤት የምናውቀው ጉበት ብቻ አይደለም። ደም የሚያከማች፣ ዓይንና ጅማትን የሚመግብ፣ ንዴትን የሚገዛ የሥራ ክፍል ነው። ሸን ደግሞ የዘርና የዕድሜ ማኅደር ነው። ጸጉር ከደም የተረፈው ነው ይላሉ፤ ደምና ሸን ከጠነከሩ ጸጉር ይጠቁራል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። እኛም «ሆዴ ባባ» ስንል ስለ ጨጓራ አናወራም። ያንን ቃል በቃል ተርጉሞ የጉበት ሕመምተኛ ላይ መሞከር አደጋ ነው።

አደጋው ደግሞ በወሬ የመጣ አይደለም። በሄ ሾው ዉ ምክንያት ጉበታቸው የተቆጣ ሰዎች ሪፖርት በመቶዎች ይቆጠራል፤ አብዛኛው የመጣው ከቻይና ከራሷ ነው። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2006 ሕዝቡን አስጠነቀቀ። የቻይና ተቆጣጣሪ ደግሞ በ2014 ይህ ሥር ባለባቸው የጤና ምግቦች ላይ ገደብ ጣለ። ለአንድ ቀን ጥሬው ከ1.5 ግራም፣ የተዘጋጀው ከ3 ግራም እንዳይበልጥ። ማሸጊያውም ላይ የጉበት ችግር ያለበት ወይም በቤተሰቡ የጉበት በሽታ ያለ ሰው እንዳይወስደው ይጻፍ ተባለ። እንግዲህ ይህን ያለችው ቻይና ናት። ጸሐፊው «ምዕራባውያን መድኃኒት አምራቾች ስለሚቀኑ ነው» የሚል አንድ አንቀጽ አላቸው። ቤጂንግ ላይ ማን ቀንቶ ነው?

ሕመሙ ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው። ድካም ይመጣል። ምግብ ይዘጋል። ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል። ከዚያ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ እኛ አገር የወፍ በሽታ የሚባለው መልክ። ብዙውን ጊዜ ሥሩ በተጀመረ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ነው የሚታየው። አብዛኛው ሰው ሲያቆመው ይድናል። ጥቂቱ አይድንም። ድኖ እንደገና የጀመረ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይመጣበታል።

ለምን ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም? የቻይና ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ሥራ አንድ የዘር ምልክት አገኙ። የሰውነት መከላከያን ከሚመሩት ጂኖች አንዱ የሆነ ዓይነት ያለባቸው ሰዎች በዚህ ሥር የመጎዳት ዕድላቸው በጣም ከፍ ይላል። ኢሞዲንም ተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ብቻውን ግን ነገሩን አያብራራም። ስለዚህ «ጎረቤቴ ወስዳ ምንም አልሆነችም» የሚለው ማስረጃ የጎረቤትን ጂን ብቻ ነው የሚነግረን። (በዚህ አጋጣሚ፣ ቅቤያችሁ ውስጥ ያለችው ቁንጫሪ መቅመቆ ስጋት አይግባችሁ። ማንኪያ ሙሉ በየቀኑ የሚውጣት የለም።)

የአገራችንን ነገር ካነሳን፣ ሄፓታይተስ ቢ በደሙ ውስጥ ይዞ ሳያውቀው የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለም ብዙ ነው። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድ፤ ሁሉም ጉበት ላይ ሥራ ያበዛሉ። እንዲህ ላለ ሰው «ጉበትህን ያጸዳልሃል» ብሎ ይህን ሥር መስጠት የተሰነጠቀ እንስራ ላይ ድንጋይ መጫን ነው።

ቀጥሎ «ጥሬውን» የሚለው ቃል። ጸሐፊው የቻይናን ባህል አያውቁትም ያልኩት በዚህ ቃል ምክንያት ነው።

ቻይና ውስጥ ጥሬው ሄ ሾው ዉ እና የተዘጋጀው ሄ ሾው ዉ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። የሚሸጡት በተለያየ ስም ነው፤ የሚታዘዙትም ለተለያየ ሕመም። ጥሬው ሆድ ለደረቀበት ሰው ነው፣ ለእባጭና ለቁስልም ይሰጣል። በቀላሉ ያስቀምጣል። ለደም፣ ለጉልበትና ለጸጉር የሚታዘዘው የተዘጋጀው ብቻ ነው። የሚዘጋጀውም በጥቁር አኩሪ አተር ነው። የሚንግ ዘመኑ ሐኪም ሊ ሺጀን በ1578 በጨረሰው ታላቅ የመድኃኒት መዝገብ ላይ አሠራሩ በዝርዝር አለ። ሥሩ በቀርከሃ ቢላ ይላጣል፤ ብረት አይነካውም። አንድ ረድፍ አኩሪ አተር፣ አንድ ረድፍ ሥር እየተደረገ በእንፋሎት ይበስላል። አተሩ ይጣላል፣ ሥሩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ይህ ዘጠኝ ጊዜ ይደገማል። ዘጠኝ! ያን ሁሉ ድካም ለጨዋታ ብለው አልደከሙም። ሲበስል አስቀማጩ ነገር ይቀንሳል። ቀለሙም ይለወጣል፤ ጥሬው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ሲቆረጥ ዳር ዳሩን ደመና የመሰለ ጥለት ይታይበታል። የተዘጋጀው ግን ጥቁር ነው።

ከእውነት እንዳልሸሽ፣ የተዘጋጀውም ሰው ጎድቷል። ማብሰሉ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ግን እርስዎ፣ ውድ ጸሐፊ፣ የቀነሰውን እንኳ አልመረጡም። ጥሬውን ነው ያዘዙት። ለሽበት። በየማለዳው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ከ5 ግራም በላይ ይመዝናል። ከቻይናው የ1.5 ግራም ገደብ ሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ያውም ሐኪም ሳያይ፣ መቼ እንደሚቆም ሳይነገር። የቻይና ባህላዊ ሐኪም ምላስ ሳያይ፣ የደም ሥር ትርታ ሳይዳስስ፣ ከሌሎች ቅመሞች ጋር ሳያመዛዝን አንድ ሥር ብቻውን አንስቶ «በማር ዋጥ» አይልም።

የእቴቴን ላስቲክ ፎቶ አንስቼ ቻይና ለተማረ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ላክሁለት። በአምስት ደቂቃ መለሰ። የመጀመሪያው ፊደል «ሸንግ» ነው አለ። ጥሬ ማለት ነው። መጠን ስንት እንደሚወሰድ የሚል ነገርም የለበትም፤ እስኪበቃህ ነው መሰል ብሎ ሳቀ። ላስቲኩን ቀድጄ ሳየው ቁርጥራጩ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ደመናዎቹ አሉ።

«ከተፈጥሮ የመጣ ጉዳት የለውም» የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ከእንክብሎቹ ውስጥ የቻይና ሥር ጨመረ። ያሰቡት «ፋንግ ጂ» የሚባለውን ነበር። በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ሥር አለ፤ የገባው እሱ ሆነ። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ብዙዎቹ የሌላ ሰው ኩላሊት እስኪተከልላቸው ደረሱ፤ ካንሰር የያዛቸውም አሉ። ሁለቱም ሥሮች ተፈጥሯዊ ነበሩ። ሄ ሾው ዉም ስመ ሞክሼ አለው፦ «ነጩ ሾው ዉ» የሚባለው ከሌላ ወገን የሆነ ሌላ ተክል ነው። ዱቄት ከሆነ በኋላ ማን ይለየዋል? እኛስ ብንሆን፣ ኮሶ የጠጣ ትውልድ ልጆች ነን። አያቶቻችን ኮሶ ከዛፍ ነው የመጣው ብለው ያለ ልክ አልጠጡትም። ልኩን ያውቁ ነበር፤ የማይጠጣውን ሰውም ያውቁ ነበር።

ኖቤሉ ቀረ። እውነት ነው፣ በ2015 ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ ተሸልመዋል። ሥራቸው ግን ለጸሐፊው ሳይሆን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ቱ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ የድሮ መጻሕፍትን አገላበጡ። ቺንግሃዎ የሚባለው ቅጠል በቤተ ሙከራ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ከዚያ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ገ ሆንግ የጻፈውን አገኙ። ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቅና ጠጣ ይላል። አፍላ አላለም! እሳቱ ይሆን የሚያበላሸው ብለው በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጡት። በ1971 ሠራ። በሕመምተኞች ላይ ከመሞከሩ በፊት መጀመሪያ የወሰዱት ራሳቸውና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዛሬ ከዚያ ቅጠል የተገኘው መድኃኒት እኛም አገር ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም ውስጥ አለ፤ ከ2004 ጀምሮ።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። ቱ አንዲት የአሠራር ቃል፣ «ጭመቅ» የምትለዋን፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ አክብረው አነበቡ። ጸሐፊያችን ዘጠኝ ጊዜ «አብስል» የሚለውን ዘለው አለፉ።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምለምናቸው ትንሽ ነገር ነው። ጽሑፉን ያጥፉ አልልም። «ጥሬውን» እና «በየማለዳው» የሚሉትን ቃላት ያውጡልን። «ጉበት ያጸዳል» በሚለው ቦታ ማስጠንቀቂያውን ያስገቡ። ሥሩን ጀምሮ ያለ አንባቢ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ያቁመው። ድካም፣ የሽንት መጥቆር ወይም የዓይን ቢጫነት ካየ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጉበቱን ይመርመር። ሥሩን መውሰዱንም አፍሮ አይደብቅ። ሐኪሙ ካልተነገረው ሌላ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ቀን ያልፋል።

ትናንት ማታ ይህንኑ ሁሉ ለእቴቴ አስረዳኋት። ቡና እያፈላች አንድም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። እሷ መስማቷ ራሱ ያጠራጥራል።

«ስለዚህ ይኼ ጥሬ ነው እያልከኝ ነው?»

«አዎ እቴቴ፣ ጥሬ ነው።»

«ችግሩ አለመብሰሉ ነዋ።»

«እሱ ብቻ አይደለም፤ የበሰለውም እኮ...»

«ዘጠኝ ጊዜ አልክ?» ጀበናውን ከእሳቱ አወጣች። «ጥቁር አኩሪ አተር እዚህ ከየት ይገኛል? በባቄላ አይሆንም?»

ላስቲኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።